ከድልድዩ ወዲህ

በአስቸኳይ ጥሪ ማዕከሉ ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ ሁሉም «ጆሮ» ነበር የሚሏት። ስሙን ያወጣላት አንድ የአምቡላንስ ሾፌር ነው። መጀመሪያ የመጣች ሰሞን ከጥሪ ተቀባዮቹ ጎን ተቀምጣ ስታዳምጥ በበሩ በኩል አያትና «ይቺ ልጅ አትናገር፣ አትጋገር! ጆሮ ብቻ ናት እንዴ?» አለ። ክፍሉ ሳቀ፣ ስሙም በዚያው ጸና።

እውነትም ሥራዋ መስማት ነበር። ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናው፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ጣር የሚሰሙ ሰዎች የሰሙትን እንዴት ችለው ወደ ቤታቸው እንደሚገቡ ነው። የማዕከሉ አለቃ ፈቅዶ ተጨማሪ ማዳመጫ ሰጣት፤ መናገሪያው ግን ተነቅሎ ነበር። የሚደውለውንም የሚመልሰውንም ትሰማለች፤ እሷን ማንም አይሰማትም።

ክፍሉ ዝቅ ያለ ጣሪያ ያለው፣ የኮምፒውተሮቹ መስታወት እንዳያብለጨልጭ መስኮቶቹ ቀንም የሚጋረዱበት ነው። የወንበሮቹ ክንድ ተልጦ ስፖንጁ ወጥቷል። ግድግዳው ላይ የከተማዋ ካርታ ተሰቅሏል፤ ወንዙ መሐል ለመሐል ይሰነጥቃታል፣ ሁለቱን ወገን የሚያገናኘውም አንድ ድልድይ ነው። ማዕከሉ ያለው በአሮጌው ከተማ በኩል ነበር።

ያስቀመጧት እታለም አጠገብ ነው። እታለም የሁሉም ታላቅ ናት፤ አለቃው ሳይቀር እታለም ነው የሚላት። ፀጉሯ የሸበተው እዚያችው ወንበር ላይ ነው። ባሏ ሞቷል፤ የምትኖረው ከአንዲት ልጇ ጋር ነው፤ ልጅቱ ነፍሰ ጡር ናት፣ ባሏ ለሥራ ሩቅ አገር ሄዷል። እታለም ቀልድ ታውቃለች። «እግዜር ራሱ ቢደውል አድራሻውን ሳልጠይቅ መኪና አልክለትም» ትላለች።

አንድ ቀን በጥሪና በጥሪ መሐል ወደ ካርታው እያሳየቻት እንዲህ አለቻት፦

«ሰው ሲደነግጥ ዓለም የምትጀምረው እሱ ከቆመበት ነው። ‹ትልቁ ሕንፃ ጋ› ይልሻል፤ ከማን የሚበልጠው? ‹ወዲህ› ይልሻል፤ ወዲህ ወደ ማን? ወደ እኔ ነው ወደ እሱ? ይሄን ሳትጠይቂ መኪና ከላክሽ፣ አልላክሽም ማለት ነው።»

ጆሮ ለጥናቷ የምታነጋግራቸውን ሰዎች ድምፅ ትቀዳ ነበርና ይህንንም ቀዳች፣ ጻፈችም። ከዚያ በኋላ እታለም ስትጠይቅ በሰማች ቁጥር ፈገግ ትላለች። እታለምም እሷን በዓይኗ እየጠቀሰች ነው የምትጠይቀው።

ቀስ በቀስ ተላመዱ። ምሳ ዕቃቸውን አንድ ላይ ይከፍታሉ፤ እታለም ከራሷ ሩዝ ላይ እየቀነሰች ወደ ጆሮ ምሳ ዕቃ ክዳን ታዛውራለች፣ «አጥንትሽ ታየ እኮ፣ ዩኒቨርሲቲው ምግብ ከልክሏል?» እያለች። አንድ ከሰዓት እናቱ የወደቀችበት ሕፃን ልጅ ደወለ። ጥሪው ሲያልቅ እታለም ብድግ ብላ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደች። ጆሮ ተከተለቻት። ቧንቧውን ከፍታ፣ ውሃው እየፈሰሰ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታለቅሳለች። ጆሮ ትከሻዋን አቅፋ ቆመች። ያን ዕለት እታለም ለልጇ እንኳ ነግራት የማታውቀውን ነገረቻት፤ ከብዙ ዘመን በፊት የሰማችው የአንድ ወጣት ድምፅ አሁንም ድስት ስታጥብ እንደሚመጣባት። ጆሮም ከዓመት በፊት ስለተወችው እጮኛዋ ነገረቻት። «እርስዎ» ማለቱን ያስተወቻትም እታለም ናት። «አንቺ በይኝ፤ ከፈለግሽም እናቴ በይኝ። አንቱታው ጀርባዬን ያሳክከኛል።»

የጥናቷ አማካሪ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚያነብ ቀጭን ሽማግሌ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ተማሪ ሲታመምበት የሚጠይቅ ነው። የመጀመሪያውን ጽሑፏን አንብቦ ግን ፊቱን አጠቆረ።

«እታለም፣ እታለም፣ እታለም» አለ ወረቀቱን እየገለጠ። «ይቺ ሴትዮ ለጥናትሽ ያነጋገርሻት ሰው ናት ወይስ ታላቅ እህትሽ?»

«ቅርብ ስለሆንን ነው የነገረችኝ» አለች።

«ነግራሻለች። አንቺ ግን አላየሻትም። የሰለቸችበት ቀን የለም? የተሳሳተችበት? ደዋዩን የተቆጣችበት? እዚህ ውስጥ ያለችው ሴት ለጉድ ደግ ናት፤ እንዲህ ያለ ሰው እኔ አላውቅም።» አንድ ገጽ አወጣ። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? የቤት ቁጥር ስትሳሳት ክንዷን ነክተሽ አረምሻት?»

«አዎ» አለች፤ ይህን የጻፈችው ኮርታበት ነበር።

«እዚያ የተቀመጥሽው ልታዪ ነው። እጅሽን ያስገባሽ ዕለት የምታጠኚው ራስሽን ነው። ትንሽ ራቅ በይ። ቦታሽን ያዢ።»

ነገሩ አጥንቷ ድረስ ገባ፣ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነበር። እታለም ደዋይ ላይ ጮኻ ታውቃለች፤ ጆሮም ሰምታ ሳትጽፈው ቀርታለች።

ራቅ ማለት ግን እንዴት እንደሆነ አላወቀችበትም። ባንዴ ሁሉን ነገር ቆረጠችው። ምሳዋን ውጭ ደረጃው ላይ ብቻዋን መብላት ጀመረች። ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች። በማግስቱም «እንደምን አደሩ?» አለች።

እታለም ማዳመጫዋን ወደ አንገቷ አውርዳ አየቻት። «ደግሞ አደሩ ሆንኩ? ምን በደልኩሽ ልጄ?»

«ኧረ ምንም። ሥራ በዝቶብኝ ነው።»

«ከእኔ ጋር ሩዝ መብላት ነው ሥራ ያስፈታሽ?»

ጆሮ ሳቅ ብላ ወደ ማስታወሻዋ አጎነበሰች። እውነቱን ብትነግራት ኖሮ እታለም ቀልዳበት ታልፈው ይሆናል። አልነገረቻትም። እታለምም ሆድ ባሳትና ዘጋቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእጅ ቦርሳዋን በሁለቱ ወንበሮች መሐል ባለው የጠረጴዛ ጥግ ላይ ማንጠልጠል ያዘች፤ ጥሪ ሲቀዘቅዝም ፊቷን ወደ ማዶ ታዞራለች። እንዲህ ጎን ለጎን ተኮራርፈው፣ አንድ ደዋይ በሁለት ማዳመጫ እየሰሙ፣ ሳምንታት አለፉ።

ያቺ ዕለት ስትመጣ እታለም ቀድሞውንም ደክማ ነበር። ባልደረባዋ ታማ የእሷንም ፈረቃ ሸፍናለች። ማለዳ ላይ ደግሞ ልጇ ምጥ ያዛትና ጎረቤት ወደ ሆስፒታል ወሰደቻት። እታለም ፈቃድ ጠየቀች። አለቃው «እታለም ሙች፣ የምተካው ሰው የለኝም፤ እስከ ማታ ብቻ ታገሺኝ» አላት። ስልኳን ከኪቦርዱ አጠገብ በጀርባው አስተኝታ ሥራዋን ቀጠለች። ጆሮ ይህን ሁሉ የሰማችው ለሌላ ሰው ሲወራ ነው። ልጅሽ እንዴት ሆነች ብላ ልትጠይቅ አፏ ድረስ መጥቶላት ነበር። ቦርሳውን አየችና ተወችው።

ከሰዓት በኋላ፣ መንገዱ መጨናነቅ ሲጀምር፣ አንዲት ልጅ ደወለች።

«አባቴ! አባቴ መተንፈስ አቃተው! ከንፈሩ ጠቆረ!»

«አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አለሁልሽ። የት ናችሁ?»

«ከድልድዩ ወዲህ፣ ከማደያው ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ነው! ቶሎ በሉልኝ!»

የእታለም ጣቶች መጻፍ ጀመሩ። በዚያው ቅጽበት ስልኳ በራ። ዓይኗ ወደዚያ ሄዶ ተመለሰ። «ከድልድዩ ወዲህ፣ ከማደያው ጀርባ፣ ሰማያዊ በር» አለች።

«አዎ፣ አዎ! ቶሎ!»

ጆሮ ጥያቄውን ጠበቀች። ወዲህ ወደ ማን? ማደያ በሁለቱም ወገን እንዳለ ካርታውን አይታ ታውቃለች። እታለም «ቀጥ አድርገሽ አስቀምጪው፣ ደረቱ ላይ ያለውን ልብስ ፍቺለት» እያለች ነው። ጥያቄው አልመጣም። ጆሮ እጇን አነሳች። እጇ ከእታለም ትከሻ ትንሽ ሲቀረው ቆመ፤ ታውቀው ይሆናል አለች በልቧ፣ ይሄን ያህል ዘመን የሠራች ሴት በደዋይዋ ስልክ ቁጥር ለይታው ይሆናል፤ እኔ ማን ነኝና? እጇን መልሳ የማዳመጫዋን ገመድ አስተካከለች። አምቡላንሱ መውጣቱን የሚያሳየው መብራት በራ። ወዲያው ሌላ ጥሪ ገባ።

ከቆይታ በኋላ የሾፌሩ ድምፅ በሬዲዮ መጣ። «ከማደያው ጀርባ ሰማያዊ በር የለም። ሁለቴ ዞርን። አድራሻው ይጣራልን።»

እታለም መልስ ከመስጠቷ በፊት ከፊት ለፊቷ የሚቀመጠው ባልደረባዋ ከወንበሩ ተነሥቶ ጮኸ። «ልጅቱ መልሳ ደውላለች! ማዶ ናቸው! ከወንዙ ማዶ!»

መኪናው ተመለሰ። ድልድዩ ላይ የጭነት መኪና ተበላሽቶ ሰልፉ እስከ አደባባዩ ደርሷል። ሳይረኑ ሲጮኽ ባልደረባዋ በያዘው መስመር ላይ የልጅቱ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ መጀመሪያ ትጣራለች፣ በኋላ ትለምናለች፣ በኋላ «አባቴ» የሚለውን ብቻ ትደጋግማለች። አምቡላንሱ ሲደርስ ማደያውም ነበር፣ ሰማያዊው በርም ነበር። ሰውየው ግን አልነበረም።

እታለም ማዳመጫዋን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብላ አስቀመጠችው፣ እንደሚሰበር ዕቃ።

«አልጠየቅኳትም» አለች። ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጆሮ ዞረች። «አልጠየቅኳትም አይደል?»

ጆሮ አዎ በሚል ራሷን ነቀነቀች።

ስልኩ እንደገና በራ፤ ጎረቤትየዋ ናት። እታለም እስኪጠፋ ድረስ አየችው፤ አላነሳችውም። ወንድ ልጅ መወለዱን የሰማችው ማታ ሆስፒታል ስትደርስ ነው።

በማግስቱ ጆሮ ወደ አማካሪዋ ሄደች። ቆማ ነው የነገረችው። ሽማግሌው መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ በመዳፉ ያዘው።

«ለምን አልነካሻትም?» አላት።

«እርስዎ ነዎት እኮ ራቂ ያሉኝ!»

«እኔ ራቂ ያልኩሽ...» አለና ቆመ። «ሰው እየሞተ ነው እንዴ ራቂ ያልኩሽ? አንቺ ልጅ፣ ይሄ እንኳን ለተመራማሪ ለመንገደኛም ይነገራል?» ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ምናልባት ልነግርሽ ይገባ ነበር። ይታወቃል ብዬ ነው።»

ቆሽቷ እያረረ ወጣች። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ ግን ነገሩን ስታብላላው፣ ያን ጊዜ፣ እጇ አየር ላይ እንዳለ፣ አማካሪዋ ትዝ እንዳላላት አወቀች። ስለ ጥናቱም አላሰበችም። ይታያት የነበረው ቦርሳው ነው። የፈራችው፣ አኩርፋት የከረመች ሴት ዞር ብላ «ምን አገባሽ?» እንዳትላት ነው። ያን ቀን ምሳ አብረው በልተው ቢሆን ኖሮ ሳታስብ ትከሻዋን ትመታት ነበር። ከሰው የሞት ሽረት ጋር የተመዘነው የእሷ ኩርፊያ ነው። መስኮቱን ከፈተችው።

የማዕከሉ መሥሪያ ቤት አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ሰብሳቢዋ ሐኪም ናት፤ ከእሷ ግራና ቀኝ የሕግ ክፍሉ ሰውና የማዕከሉ አለቃ ተቀመጡ። እታለም ጥቁር ሹራብ ለብሳ ከፊታቸው ነበረች። የሟቹ ልጅ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ገና ትምህርት ቤት ያለች የምትመስል ቀጭን ልጅ። ጆሮ በምስክርነት ስለተጠራች ከበሩ አጠገብ ነበረች።

ቅጂውን አሰሙ። «ከድልድዩ ወዲህ» የሚለው ሲደርስ የሕግ ክፍሉ ሰው አቆመውና ወደ ሟቹ ልጅ ዞረ።

«ወዲህ ነው ያልሽው። ቤታችሁ ግን ያለው ከድልድዩ ወዲያ ነው።»

ልጅቱ ያልገባት መሰለች። «እኔ ያለሁት እዚያ ነው» አለች። «አባቴም እዚያ ነው የወደቀው። ከዚያ ሌላ ወዲህ የት አለ?»

የሕግ ክፍሉ ሰው ቅጂውን መልሶ ከፈተው።

እታለም ስትጠየቅ አላመነታችም። «መጠየቅ ነበረብኝ፣ አልጠየቅኩም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

አለቃው ጉሮሮውን ጠረገ። ሊያድናት ፈልጎ ነው፤ ራሱንም ጭምር። «አንድ ነገር ይያዝልኝ። ያን ዕለት አጠገቧ የውጭ ሰው ተቀምጦ ነበር። ሰው ከጎንሽ ተጎልቶ እያንዳንዷን ቃልሽን ሲያዳምጥ እንዴት ሐሳብሽ ይሰበሰባል? አስቸግራሻለች፣ እታለም። ንገሪያቸው።»

ሁሉም እታለምን አዩ። አዎ ብትል ይቀልላት ነበር።

«እሷ?» አለች እታለም ዞር ሳትል። «እሷ ምን ታስቸግራለች? መኖሯንም ረስቼው ነበር።»

ከተባለው ሁሉ ጆሮን ያንን ያህል የወጋት የለም። ተራዋ ሳይደርስ ተነሣች።

«እኔም ሰምቼ ነበር» አለች። «ወዲህ ስትል ሰምቻለሁ። እንዳልጠየቀቻትም አውቄያለሁ። መጠየቅ እንዳለባትም አውቅ ነበር፣ እሷ ራሷ ናት ያስተማረችኝ። ልነካት እጄን አንሥቼ መለስኩት።»

እታለም አሁን ዞረች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ እንደማታውቃት ሰው አተኩራ አየቻት።

«ሰምተሽ ዝም አልሽ?» አለች የሟቹ ልጅ ከመስኮቱ ጥግ።

«ዝም አልኩ።»

«ለምን?»

መልስ ነበራት። ሞት ፊት የሚቀርብ መልስ ግን አልነበረም። ዝም ብላ ቆመች፣ እንደገና።

ሰብሳቢዋ ጣልቃ ገባች። «እርስዎ የማዕከሉ ሠራተኛ አይደሉም። የመናገርም ግዴታ አልነበረብዎትም። ይህ ከጉዳያችን ውጭ ስለሆነ በቃለ ጉባኤው አይሰፍርም። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን፣ ይቀመጡ።»

እንዲቀጧት ተመኝታ ነበር። አመስግነው አስቀመጧት።

እታለም ከሥራዋ ተሰናበተች። ያን ሁሉ ዘመን ያገለገለችበት ወንበር በሳምንቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ጆሮ ወደ እታለም ቤት ለመሄድ ድፍረት እስክታገኝ ቆየች። በሩን የከፈተችላት አራሷ የእታለም ልጅ ናት፤ ማንነቷን ስትሰማ ፊት ነሳቻት፣ ግን አላባረረቻትም። እታለም ጠባቧ ሳሎን ውስጥ፣ የታጠበ የሕፃን ልብስ በተሰጣበት ገመድ ሥር፣ የልጅ ልጇን ጭኗ ላይ አስተኝታ ነበር። ቁጭ በይ አላለቻትም። ጆሮ ራሷ ከዳር ተቀመጠች።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አለች።

«እኔን? እኔን ምን አደረግሽኝ? ሰውየው የእኔ አባት አይደለም።» እታለም ሕፃኑን ማወዛወዝ ቀጠለች። ቆይታ «ያን ጊዜ ብትነኪኝ እቆጣሽ ነበር» አለች። «ተናድጄብሽ ነበርና ክፉ ቃል እናገርሽ ነበር። ቢሆንም መንካት ነበረብሽ። ተሰድበሽም ቢሆን።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም። እኔ ያቺን ልጅ የማልጠይቃት ሰው አልነበርኩም፤ ያን ዕለት ሆንኩ። ይሁን፣ የእኔ ዕዳ ነው፣ እኔ እችለዋለሁ። አንቺ ግን ለምን እንደ ሸሸሽኝ እስካሁን አልነገርሽኝም።»

ነገረቻት። አማካሪዋ ያላትን፣ ራቅ በይ መባሏን፣ ሁሉንም። እታለም እጇ ከሕፃኑ ላይ ቆመ።

«ይሄው ነው?» አለች። «ይሄን ለመናገር ነበር ይሄ ሁሉ? ‹እታለም፣ ተጠጋሽ ተብያለሁ› ብትዪኝ እኮ ወንበሬን ራሴ ሳብ አደርግልሽ ነበር።»

ጆሮ ማልቀስ ጀመረች። እታለም አላባበለቻትም።

«አንድ ነገር አድርጊልኝ» አለች በመጨረሻ። «ያወራሁሽን ሁሉ አውጪው። ድምፄንም፣ የጻፍሽውንም። መታጠቢያ ቤት የነገርኩሽንም። እዚያ ጥናትሽ ውስጥ መኖር አልፈልግም።»

«እሺ።»

«ሳታዳምጪው አጥፊው።»

«እሺ» አለች እንደገና።

ሕፃኑ መነጫነጭ ሲጀምር እታለም ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች፣ አልተመለሰችም። በሩን የዘጋችው ልጇ ናት።

ጆሮ ቃሏን ጠበቀች። ከእታለም የቀዳችውንም የጻፈችውንም ሁሉ አንድም ሳትከፍት ሰረዘችው። አማካሪዋ «የጥናትሽ አከርካሪ ወጣ እኮ፣ ምን ቀረሽ?» አላት፤ ግን አልከለከላትም። ከሌሎቹ ጥሪ ተቀባዮች የሰበሰበችውን ይዛ ጻፈች። ፈታኞቹ አመሰገኗት። አንደኛው በተለይ ከተጠኚዎቹ ጋር የጠበቀችውን ርቀት አደነቀ፤ ሚዛናዊ ነው አለ፣ ለሌሎች ተማሪዎችም ይነበብላቸው አለ። አማካሪዋ ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው አወረደ።

ከፈተናው ስትወጣ በኮሪደሩ ላይ ቆማ ለእታለም ደወለች። ታነሣዋለች ብላ አልጠበቀችም። አነሣችው።

«ጨረስኩ» አለች።

«እኔ አለሁበት?»

«የለሽበትም።»

በስልኩ ውስጥ ውሃ ሲፈስ ይሰማል፤ ሕፃኑ ያለቅሳል።

«ደግ አደረግሽ» አለች እታለም። «ልጁን እያጠብኩ ነው፣ ይበርደዋል። ልዝጋው።»

ዘጋችው።